ውሃ ውስጥ ቆሞ ልጄን የጠየቀኝ ሰው

ዓሣ ማጥመድ መንፈስን አያረጋጋም። ያረጋጋል የሚሉ ሰዎች ወይ አጥምደው አያውቁም፣ ወይ ከማን ጋር ሄደው እንዳጠመዱ ይደብቃሉ። የምሠራው ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ስለሆነ፣ ከመሄዴ በፊት በጉዳዩ ላይ መደርደሪያው ላይ ያገኘሁትን ሁሉ ቤቴ ወስጄ አንብቤያለሁ። ጸሐፊዎቹ የተማከሩ ይመስል ሁሉም ስለ ውሃ፣ ስለ ዝምታና ከራስ ጋር ስለ መታረቅ ይጽፋሉ። አጠገብህ የቆመው ሰው የልጅህ እጮኛ አባት ሲሆን ምን እንደሚደረግ ግን አንዳቸውም አይናገሩም። እኔ ከዚያ ደሴት የተመለስኩት ከሄድኩበት ቀን ይልቅ ተምታቶብኝ ነው። ይህን ስጽፍም ገና አልጠራልኝም።

ነገሩ የጀመረው ባሕር ላይ ሳይሆን ሜልቦርን፣ ሜድስቶን ሰፈር፣ እኛ ቤት ወጥ ቤት ውስጥ ነው። ልጄ እሑድ እሑድ ትመጣ ነበር። የምትኖረው ትሩጋኒና ነው፤ ከአንድ ፈረንጅ ልጅ ጋር፣ መንገዶቹ በሙሉ እዚያ በሌሉ ዛፎች ስም በተሰየሙበት አዲስ ሰፈር። ቤት በጋራ ገዝተዋል፤ ውሻ አላቸው። ልጁ እዚያው አካባቢ አንድ መጋዘን ውስጥ የጭነት መኪና ሾፌሮችን ሺፍት ያወጣል። እኔን «ጋሼ» ይለኛል። ማን እንዳስተማረው አላውቅም፤ መጨረሻው ላይ ትንሽ ይረዝምበታል እንጂ እዚህ ከተወለዱት ከብዙዎቹ የእኛ ልጆች የተሻለ ይለዋል። እወደዋለሁ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው በኋላ ያደረግኩትን ስታነቡ ልጁን ጠልቼ እንዳይመስላችሁ ነው።

«ልንጋባ ነው» አለችኝ ልጄ፣ ሰሃን እያደረቀች።

«ማን ጠየቀኝ?»

«እኔን ጠየቀኝ እኮ።»

«አንቺን መጠየቁ የእሱ ጉዳይ ነው። እኔን ማን ጠየቀኝ ነው የምልሽ።»

«ዳድ፣ ዊ ሃቭ ኤ ሞርጌጅ» አለችኝ፤ የባንክ የቤት ዕዳ አለብን ማለቷ ነው። ነገር ሲያናድዳት ወደ እንግሊዝኛ ትሻገራለች።

«ባንኩን ማን እንደጠየቀው አውቃለሁ። እኔን ያልጠየቀኝ ሰው ነው የጠፋው። ሽማግሌ ይላክ።»

ባለቤቴ ከምድጃው ሳትዞር ጣልቃ ገባች። «አዲስ አበባ እያለህ በሽማግሌ የምትሳለቅ አንተ አልነበርክም? ‹ሴት ልጅ ፍየል ናት ወይ፣ በአማላጅ የምትጠየቀው› እያልክ ሰው ሰርግ ላይ ስትከራከር አፍሬ ውጭ የወጣሁበት ቀን አለ።»

እውነቷን ነው። ግን ያኔ ሁሉም ሰው ሽማግሌ ይልክ ነበር። አሁን የሚልክ የለም። እኔ ድሮም ዛሬም የቆምኩት ሰው ሁሉ ከሚሄድበት በተቃራኒ ነው፤ ቦታ የቀየሩት ሌሎቹ ናቸው። ይህንኑ ስነግራት ባለቤቴ «እግዜር ይሁንሽ» አለች፤ ልጃችንን ነው።

ከልጁ ወገን አንድ ሰው መጥቶ በሥርዓቱ ካልጠየቀኝ ሰርጉ ላይ እንደማልገኝ ቁርጡን ተናገርኩ። ልጄ ሰሃኑን አስቀመጠች። «አንተ ካልመጣህ ሰርግ የለም» አለች፤ በአማርኛ፣ ረጋ ብላ። «ቢሮ ሄደን እንፈርማለን። ፎቶ እልክልሃለሁ።» የምሯን ነበር። እኔም የምሬን ነበርኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የልጄ ሰርግ የተንጠለጠለው አንድ ሰው መጥቶ አንድ ጥያቄ በመጠየቁ ላይ ብቻ ነበር።

ከጥቂት ሳምንት በኋላ የልጁ አባት ስልክ ደወለልኝ። ሁለት ጊዜ ያህል ተገናኝተን እናውቃለን። የቧንቧ ሠራተኛ ነበር፤ አሁን ጡረታ ወጥቷል። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ብቻውን ነው የሚኖረው። ክረምቱ ሲበረታ፣ ከፐርዝ በትንሽ አውሮፕላን ውቅያኖስ ላይ ተበርሮ ወደሚደረስባት አንዲት ደሴት ሄዶ ዓሣ ያጠምዳል። አብሮት የሚሄደው ጓደኛው ጉልበቱን ኦፕራሲዮን ሊሆን ስለሆነ ቦታ ተርፏል። «አንተ ብትመጣ ደስ ይለኛል። እዚያ ሰው በደንብ ይነጋገራል» አለኝ።

ወዲያው ገባኝ። ወይም የገባኝ መሰለኝ። ልጄ ነግራዋለች፤ ሰውዬው ሽማግሌ ሆኖ ሊመጣ ነው።

«ዓሣ ልታጠምድ ነው?» አለችኝ ባለቤቴ።

«አይደለም። ልጠየቅ ነው።»

«ታዲያ እዚህ ሳሎን ቁጭ ብሎ ለምን አይጠይቅህም?»

«ፈረንጅ ሽማግሌ ሲሆን ምን እንደሚያደርግ በምን አውቃለሁ?»

ስለዚህ ቲኬቱን ቡክ አደረግኩ። ሻንጣዬ ውስጥ ከቁምጣና ከፀሐይ ቅባት ጋር ጥቁር ሰማያዊ ኮቴን አጥፌ ከተትኩ። ሰው ልጁን ሲጠየቅ በቁምጣ አይቀመጥም።

ደሴቲቱ ከአየር ላይ ስትታይ አንድ ሰው ጠጥቶ ሲጨርስ ባሕሩ ላይ ያስቀመጠው ብርጭቆ የተወውን ክብ ምልክት ትመስላለች፤ ቀለበት የሆነ ቀጭን መሬት፣ መሃሉ ውሃ። ዘንባባ አለ፣ ሸርጣን አለ፣ አንድ ሱቅ አለ። ሜልቦርን በብርድ እየተንቀጠቀጠች ትተናት ስለመጣን ሙቀቱ ራሱ ሐሰት ይመስል ነበር። ስልክ በወጉ አይሠራም፤ መልእክት እንደ ቀልቡ ይሄዳል ወይ አይሄድም።

ፍላይ ፊሺንግ የሚሉት ነገር እንዲህ ነው። መንጠቆው ላይ ትል አይሰካም። በላባና በክር ተጠቅልላ የተሠራች የውሸት ሽሪምፕ፣ ዓሣ የሚወዳት ትንሽ የባሕር እንስሳ፣ ትታሰርበታለች። ክብደት ስለሌላት እሷን መወርወር አይቻልም፤ የሚወረወረው ገመዱ ነው። ዘንጉን ወደ ኋላ ትስባለህ፣ ገመዱ ከጀርባህ አየር ላይ እስኪዘረጋ ትጠብቃለህ፣ ከዚያ ወደ ፊት ትልከዋለህ። ይህን ሁሉ የምታደርገው ውሃው ጉልበትህ ድረስ መጥቶ፣ ነፋሱ ፊትህን እየገፋ ነው። ውሃው ጥልቀት የለውም፤ ወለሉ ነጭ አሸዋ ስለሆነ መጀመሪያ ዓሣውን በዓይንህ ፈልገህ ታገኛለህ፣ ከዚያ ፊቱ ላይ ትጥልለታለህ። ማለትም ሰውዬው ያገኛል። እኔ የማየው የራሴን እግር ነበር። ገመዱ አንዴ ኮፍያዬን፣ አንዴ ጆሮዬን፣ አንዴ የሚያመላልሰንን የጀልባ ነጂ ሸሚዝ ይዟል።

ከሁሉ ግራ ያጋባኝ ዓሣው ሲያዝ የሚሆነው ነው። ያ ሁሉ ገንዘብና በረራ የወጣበት ዓሣ ይያዛል፣ ፎቶ ይነሣል፣ ይለቀቃል። እኔ የሄድኩት በፍልሰታ ነበር። በጾም ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ከልጅነቴ ጀምሮ በሁለቱም ወገን ሆኜ ተከራክሬያለሁ፤ ዓሣ ይዞ ማንም የማይበላበት ቦታ ይኖራል ብሎ ግን አንድም ተከራካሪ አላሰበም። ጀልባ ነጂውን፣ የደሴቲቱን ተወላጅ፣ ለብቻው ሳገኘው ጠየቅኩት።

«ይህ ዓሣ አይበላም እንዴ?»

«እኛ እንበላዋለን» አለኝ። «አጥንቱ ብዙ ነው፣ ግን ይጣፍጣል።»

«እነሱ ለምን ይለቁታል?»

«ነገ ደግሞ ሊይዙት ነዋ» አለኝ፣ ይህን የማያውቅ ትልቅ ሰው በመኖሩ እያዘነ።

የልጁ አባት የጠየቀኝ ገና በመጀመሪያው ቀን ነው። ጎን ለጎን ቆመን ነበር። ፊቱን እስከ አፍንጫው በጨርቅ ሸፍኗል፤ ጥቁር መነጽር አድርጓል፤ ከመላ ሰውነቱ የሚታየው የጆሮው ጫፍ ነበር። ጉሮሮውን ጠረገ።

«ስማ» አለኝ፣ ዓይኑን ከውሃው ሳያነሣ። «ልጆቹ አንድ ነገር እንዳናግርህ ነግረውኛል። በእናንተ ዘንድ እንዴት እንደሚባል አላውቅም። ልጄ ልጅህን ማግባት ይፈልጋል። ጥሩ ልጅ ነው። እኔም እሷን እንደ ልጄ ነው የማያት። ፈቃድህን እየጠየቅኩህ ነው።»

እውነት ለመናገር ከዚህ የተሻለ ሲባል አልሰማሁም። እኛ ዘንድ ቢሆን ተነሥቶ፣ እጅ ነሥቶ፣ ስለ ዝናቡና ስለ ጤናችን ጠይቆ፣ ወደ ነገሩ ሲገባ ጀንበር ትጠልቅ ነበር። ዓይኔ ውስጥ የገባው የባሕር ጨው ነው ብዬ ጠረግኩት።

እዚህ ላይ የሴት ልጅ አባት ምን እንደሚል ለእናንተ መንገር አይኖርብኝም። ወዲያው እሺ የሚል አባት ልጁን የሚያራግፍበት ቀን ሲጠብቅ የኖረ ይመስላል። የባለቤቴ አባት እኔ እየተሳለቅኩም ቢሆን የላክኳቸውን ሽማግሌዎች ሁለት ጊዜ መልሷቸዋል። በመጀመሪያው ጭራሽ ከበር አላስገባቸውም፤ በሁለተኛው አስገብቶ «ልጄ ገና ትማራለች» አላቸው፤ ተመርቃ ሥራ ይዛ ነበር። በሦስተኛው ፈቀደ። ባለቤቴ ሲከፋት እስከ ዛሬ የምታነሣው ይህንን ነው፤ «ሁለቴ ተመልሰህ ያገኘኸኝ ሰው ነኝ» ትላለች። ለልጄም ይህ ክብር እንዲቀርባት አልፈለግኩም።

ስለዚህ ዘንጌን ብብቴ ውስጥ አድርጌ፣ ቀና ብዬ፣ «አይሆንም» አልኩት።

ሰውዬው መነጽሩን አወለቀ። ዓይኖቹ ሰማያዊ መሆናቸውን ያኔ ነው ያየሁት።

«አይሆንም?»

«እናንተን በደንብ አናውቃችሁም። ልጃችንም ገና ናት። ዘመድ ሳላማክር የምናገረው ነገር የለም።»

ገና ናት ያልኳት ልጅ ሠላሳ ዓመት ሊሞላት ነው፤ የቤት ዕዳና ውሻ አላት። ግን እንዲህ ነው የሚባለው።

«እርግጠኛ ነህ?» አለኝ።

«በጣም» አልኩት፣ በኩራት።

መነጽሩን መልሶ አደረገ። ውሃውን ትንሽ አየ። «ኖ ዎሪስ፣ ሜት» አለኝ፣ ችግር የለም ወዳጄ ማለቱ ነው፤ ከዚያም ሩቅ ቦታ ላይ አንድ ዓሣ በጣቱ አሳየኝ። አላየሁትም። ግን በሆዴ «ይህ ሰው ሽምግልና ከየት ተማረ?» እያልኩ አደነቅኩት። አልተለማመጠም፣ አልተቆጣም፣ በሩን ክፍት ትቶ ሄደ። የእኛ ሽማግሌዎች እንኳ በመጀመሪያው ቀን እንዲህ ተከብረው አይመለሱም።

ከዚያ ሁለተኛውን መጠበቅ ጀመርኩ።

በማግሥቱ አልጠየቀኝም። ሽማግሌ በየቀኑ አይመላለስም፤ ልክ ነው አልኩ። በሚቀጥለው ቀንም አልጠየቀኝም። ማታ ማታ የምናርፍባት ቤት በረንዳ ላይ ወንበር አለ፤ ለእሱ እንዲመቸው ብዬ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ኮቴን ለብሼ እቀመጥ ጀመር።

«በርዶሃል?» አለኝ።

«የለም።»

«ታመሃል እንዴ? እዚህ ወባ የለም።»

«ደህና ነኝ። እንዲሁ ለመቀመጥ ነው።»

አጠገቤ ተቀመጠ። የኮቴን ቁልፍ ቆለፍኩ። ስለ ነፋሱ አቅጣጫ ነገረኝ። ስለ ባሕሩ መሙላትና መጉደል ነገረኝ። ስለ ሟች ሚስቱም ትንሽ ነገረኝ፤ ዓሣ ማጥመድ ትጠላ እንደነበር፣ ይሁን እንጂ እነዚህን የላባ ሽሪምፖች ከእሱ አሳምራ ትሠራ እንደነበር። መግቢያ ነው ብዬ ጠበቅኩ። ተነሥቶ ሊተኛ ሄደ።

ፍንጭ ልስጠው ብዬ «የእኛ አገር ሰው ነገር አይቸኩልም። መጀመሪያ የሚባለውና መጨረሻ የሚባለው ይለያያል» አልኩት በሌላ ቀን፣ ቁርስ ላይ።

«ጥሩ ነው» አለኝ ቶስቱን እየቀባ። «እዚህም የሚቸኩል ሰው ዓሣ አይዝም።»

ይህ መልስ ይሁን፣ ምክር ይሁን፣ ወይስ ስለ ዓሣ ብቻ የተነገረ ይሁን ዛሬም አላውቅም። ግራ የተጋባ ሰው ሁሉም ነገር ምልክት ይሆንበታል። ምናልባት አወራወሬን አይቶ በዘመድነት ሊቀበለኝ አልፈለገ ይሆናል አልኩ፤ እሱ ሲተኛ ባሕር ዳር ወጥቼ ዘንባባ ላይ እየወረወርኩ እለማመድ ጀመር። አልፎም ዓሣውን ይዞ መልቀቁ ሊነግረኝ የፈለገው ነገር እንዳለ ማሰብ ጀመርኩ። ይዞ፣ አይቶ፣ ፎቶ አንሥቶ የሚለቅ ቤተሰብ ልጄን ምን ሊያደርጋት ነው? ሰውዬው ግን በየቀኑ ይበልጥ ደግ እየሆነ ሄደ። ጥሩውን ቦታ ለእኔ ይሰጣል። ሻይ ያፈላልኛል። ትከሻዬን መታ መታ ያደርገኛል። ደግነቱ የለቅሶ ቤት ደግነት ይመስል ነበር፤ ማን እንደሞተ ብቻ አልነገረኝም።

ጉዟችን ሊያልቅ ሲል አንድ ዓሣ ያዝኩ። እንዴት እንደያዝኩት አላውቅም፤ ሰውዬው «አሁን፣ እዚያ» አለኝ፣ ጣልኩ፣ ገመዱ ከእጄ መንጭቆ ሄደ። የተጠቀለለበት መዘውር እየጮኸ ተፈታ። እሱ ውሃውን እየረገጠ በደስታ ከእኔ ብሶ ይሮጥ ነበር። ዓሣው ደክሞ ሲመጣ ብር የመሰለ፣ ክንድ የሚያህል፣ ዓይኑ ትልቅ ነገር ነው። መንጠቆውን ነቀለለትና ሁለት እጄ ላይ አስቀመጠው፤ ውሃው ውስጥ እንዳለ።

«አትወርውረው» አለኝ ቀስ ብሎ። «ያዝ አድርገው ብቻ። ሲበረታ ራሱ ይሄዳል። መቼ እንደሚሄድ የሚያውቀው እሱ ነው።»

በቃ ነገሩ መጣ አልኩ። ይህ ሁለተኛው ነው፤ በምሳሌ ነው የመጣው።

«ገባኝ» አልኩት።

«ምኑ?»

«ስለ ልጆቹ የምትለው።»

ዓሣው እጄ ውስጥ ጅራቱን አወዛወዘ፣ ተንሸራትቶ ወጣ፣ ሄደ። ሰውዬው እጁን ሸሚዙ ላይ ጠረገ።

«ስለ ልጆቹ ተነጋግረን ጨርሰናል» አለኝ። «ልጫንህ አልፈልግም። እዚህ የመጣነው ደስ እንዲለን ነው።»

ጨርሰናል የምትለዋን ይዤ ነው አውሮፕላን የተሳፈርኩት። ፐርዝ ድረስ አላመጥኳት፤ ከፐርዝ ሜልቦርንም አላመጥኳት። እሱ አጠገቤ አፉን ከፍቶ ተኝቷል።

ኤርፖርት ልጄና ባለቤቴ ቆመው ይጠብቁን ነበር። ልጄ ሰውዬውን አቅፋ ሳመችው፤ ቦርሳውን ተቀበለችው፤ ልጁ መኪና ይዞ ሲመጣለት ሸኘችው። እኔን አየት አደረገችኝ እንጂ አልሳመችኝም። መኪና ውስጥ ከገባን በኋላ ባለቤቴ እየነዳች፣ ልጄ ከኋላ ተቀምጣ፣ መንገዱን አጋመስን።

«ኖ አልከው» አለች ልጄ በመጨረሻ።

«አዎ አልኩት። ታዲያ ምን ልበለው?»

«ዬስ በለዋ። ሰውዬው የመጀመሪያውን ቀን ለልጁ ቴክስት ልኮለታል። ሳምንቱን ሙሉ ስናለቅስ ነው የከረምነው።»

«የመጀመሪያ ቀን ማን እሺ ይላል? ሁለተኛውን ስጠብቅ ነበር እኮ። ኮት ለብሼ ስጠብቅ ነበር።»

ባለቤቴ ሳቋን ልትይዝ ሞከረች፤ ከዚያ ተወችው። «አንተ፣ መጀመሪያ አይሆንም እንደሚባል ለሰውዬው ማን ነገረው?»

«እሷ ናታ» አልኩ ወደ ኋላ እያመለከትኩ።

«እኔንስ ማን ነገረኝ?» አለች ልጄ።

ማን ይነግራታል? እዚህ አገር ነው ያደገችው። ስለ ሽምግልና ከእኔ የሰማችው ቢኖር ድሮ በጓደኞቼ ፊት የቀለድኩትን ነው። ሽማግሌ መላክ እንዳለበት የሰማችው ራሱ ባለፈው ወጥ ቤት ውስጥ ነው፤ ያኔም ይላክ አልኩ እንጂ ሲላክ ምን እንደምል አልተናገርኩም። ሁሉም ሰው የሚያውቀው ነገር አይነገርም። እዚህ «ሁሉም ሰው» የሚባለው እኔና ባለቤቴ ብቻ መሆናችንን ረስቼ ነበር።

«አሁን ደውልለትና እሺ በለው» አለች ልጄ።

«ሳይጠይቀኝ?»

«ጠይቆሃል እኮ።»

«እሱ የመጀመሪያው ነው። ያ ተመልሷል። ላልተጠየቅኩት ነገር እሺ ብዬ ስልክ ስደውል ልጄን እንደ ዕቃ ለገዢ እያዞርኩ መሆኔ ነው።»

«ኦ ማይ ጎድ» አለች፤ ከዚያ ወዲያ በየትኛውም ቋንቋ አላናገረችኝም።

ቀላሉ መንገድ ሰውዬው ደግሞ እንዲጠይቀኝ ማድረግ ነበር፤ ልጄም ይህንኑ ሞክራለች። እንዲህ ነው፣ ባህላቸው ነው፣ አንድ ጊዜ ብቻ ድገመው ብላ ለምናዋለች። የሰውዬውን መልስ ነግራኛለች። ሰው አይሆንም ካለኝ ደግሜ አልጠይቅም፤ ልጄን ያሳደግኩት አይሆንም ማለት አይሆንም ማለት ነው ብዬ ነው፤ ዛሬ በእርጅናዬ ይህን አላፈርስም አላት። አባትሽ ሐሳቡን ከቀየረ ስልኬን ያውቀዋል አላት።

ይህን ስሰማ ልቆጣ ፈልጌ አቃተኝ። ምክንያቱም እኔም ልጄን ያሳደግኳት እንደዚያው ብዬ ነው። ወንድ አይሆንም ብለሽው ደግሞ ከጠየቀሽ በር ዝጊበት ያልኳት እኔ ነኝ። ሰውዬው የእኔን ምክር እየተከተለ ነው፣ እኔ ደግሞ የአማቴን ወግ እየተከተልኩ ነው፤ ሁለታችንም እየተከባበርን የልጆቹን ሰርግ አንቀን ይዘነዋል። ትክክለኛው የቱ እንደሆነ ብትጠይቁኝ ሁለቱንም ወገን እኩል አድርጌ እከራከርላችኋለሁ። ይህ ችሎታ ሙሉ ዕድሜዬን ጠቅሞኛል ብዬ አስብ ነበር።

የሚቀጥለው እሑድ ልጄ አልመጣችም። ከዚያ የሚቀጥለውም እንዲሁ። ባለቤቴ እንደነገረችኝ የሚፈርሙበትን ቢሮ ቀጠሮ ይዘዋል።

ወደ ኮሊንግዉድ ሄድኩ። እዚያ ከረጃጅሞቹ የመንግሥት ሕንፃዎች አንዱ ላይ፣ እስከ ዛሬ የሜልቦርንን አበሻ ግማሹን ያጋቡና ግማሹን ያስታረቁ፣ ድሮ ለእኔም ሽማግሌ ሆነው የሄዱ አንድ አዛውንት ይኖራሉ። ሊፍቱ ተበላሽቶ ስለነበር እያለከለክኩ ነው የደረስኩት። እስኪያልቅ ሰሙኝ፤ አላቋረጡኝም።

«እንዳልሳሳት» አሉኝ። «የሴት ወገን ሆነህ፣ ወደ ወንድ ወገን ሽማግሌ ይላክልኝ ነው የምትለኝ?»

«አዎ ጋሼ። ሄደው ‹ደግመህ ጠይቀው› እንዲሉልኝ ነው።»

«ጠይቀኝ ብሎ ሽማግሌ የሚልክ አባት በዕድሜዬ አላየሁም።»

«እኔም አላየሁም።»

«እሺ፤ ብለነው መጣ እንበል። ሲመጣ ምን ልትለው ነው?»

በጣቴ መቁጠር ጀመርኩ። ምክንያቱም ሲመጣ ሁለተኛው ነው፤ በሁለተኛው ደግሞ...

«አየህ?» አሉኝ። «እንደገና አይሆንም ልትለው እያሰብክ ነው።»

«እያመነታሁ ነው እንጂ አላሰብኩም ጋሼ።»

«አንተ ልጅ፣ ያን ሁሉ መጽሐፍ የምታነበው ለምንድን ነው? አንድ ነገር ቆርጠህ እንዳትጨርስ ነው?» መነጽራቸውን አውልቀው በጋቢያቸው ጠረጉ። «የባለቤትህ አባት ሁለቴ ሲመልሰን ሦስተኛ እንደምንመጣ እያወቀ ነው የመለሰን። እኔ እዚያ ነበርኩ። ስንመለስ ከኋላችን በጓሮ በር ሰው ልኮ ‹በሚቀጥለው ቅዳሜ ቤት አለሁ› ብሎናል። አንተ ባሕር መሃል የምትልከው ሰው ነበረህ?»

ይህን አላውቅም ነበር። ሁለቴ ተመለስኩ ብዬ የኮራሁበት ነገር በጓሮ በር ያለቀ መሆኑን ማንም አልነገረኝም። ባለቤቴ ታውቅ ይሆን? እስካሁን አልጠየቅኳትም። ልጠይቃት እንደምፈልግም እርግጠኛ አይደለሁም።

«እሄድልሃለሁ» አሉኝ አዛውንቱ። «ግን ብቻዬን አልሄድም። አብረውኝ ይሄዱ ከነበሩት አንዱ ሞቷል፤ አንዱ ከቤት አይወጣም፤ አንዱ ልጁ ጋ ብሪዝበን ገብቷል። ሁለት ሰው ፈልግልኝ። እንግሊዝኛ የሚችሉ ይሁኑ፤ የእኔ ለሐኪም እንጂ ለጋብቻ አይበቃም። ሦስት ሆነን ካልገባን ሰውዬው ዕቃ ሊሸጥ የመጣ ሰው ነው የሚመስለው።»

ጓደኞቼን ጠየቅኩ። አንዱ ሳቀ፤ አንዱ ሺፍት አለብኝ አለኝ፤ አንዱ ለሽምግልና ፈረንጅ ቤት መግባትን ሕግ ይፈቅድ እንደሆነ አጣርቶ ሊነግረኝ ነው።

ስለዚህ ይህን የምታነቡ፣ ሜልቦርን ያላችሁ፣ ከእናንተ ሁለት ሰው እፈልጋለሁ። ሰውዬው ቤት ከአዛውንቱ ጋር ግቡ፤ ቁጭ በሉ፤ የዓሣዎቹን ፎቶ ሲያሳያችሁ ሁሉንም እዩለት። ከዚያ ደግመህ ጠይቀው በሉት። እሺ እንደምል ከአሁኑ ንገሩት፤ ሲመጣ ሌላ ነገር ልናገር ብጀምር አስቁሙኝ። ቀጠሯቸው ከመድረሱ በፊት፣ በዚህ ቅዳሜ፣ ኑልኝ።